ከዘፈኑ በኋላ ያሉት ስምንት ሰከንዶች

በዚያ እሑድ ቀትር፣ ብሩክሊን ፓርክ ባለው አፓርታማችን አምስት ሰዎች ነበርን። እናቴ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማለች። እህቴ ሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ይዛለች። አጎቴ ከኤርፖርት የታክሲ ሥራው ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ናቸው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ሸክላ ማጫወቻውን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኛለሁ።

ሸክላ ወደ ኮምፒውተር መቅዳትን ማንም አላስተማረኝም። ፕሊማውዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ውዬ፣ ቤት ስገባ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩት።

የሽማግሌው እናት፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚባለው ሙዚቃ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን፣ ዘፋኝ ነበረች። አንድ ትንሽ አሳታሚ በቅርቡ ዘፈኖቿን ሰብስቦ በሲዲ አውጥቶ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዘፈን። ሽማግሌው ሲያዳምጡት አንዱ ዘፈን ቶሎ አለቀባቸው። የዚያው ዘፈን፣ ከመታተሙ በፊት ለሙከራ የወጣ ሸክላ እሳቸው ዘንድ አለ። ሁለቱን ለካኋቸው፤ ሲዲው ስምንት ሰከንድ ይጎድለዋል። ሰብሳቢዎቹ ባዶ መስሏቸው ቆርጠውታል።

ሽማግሌው የሚፈልጉት ያንን ባዶ ነበር። ዘመዶቻቸው «እናትህ ለዘፈን ብላ ጥላህ ሄደች» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። አንዲት አክስታቸው ብቻ፣ ልትሞት ስትል፣ «ያ ዘፈን ሲቀዳ አብረሃት ነበርክ» ብላቸዋለች። ጆሯቸው እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይዘጋ፣ የልጅነት ድምፃቸው እዚያ ባዶ ውስጥ እንዳለ ማወቅ ፈለጉ።

መርፌውን አሳረፍኩ። ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ መርፌው ሸክላውን ሲፍቅ ብቻ ይሰማል።

«አቤት!» አለች እናቴ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ማነው የጠራኝ?»

«ማንም አልጠራሽም፣ እትዬ» አለ አጎቴ።

«ሴት ናት። እዚያ ውስጥ።» ማጫወቻውን አሳየችን።

አጎቴ ሳቀ። «ያገራችንን ረሳሽ እንዴ? የማታውቂው ድምፅ ሦስቴ ሳይጠራ አቤት ይባላል? እንግዲህ ስትመጣ ካንቺ ጋር ነው የምታድረው!»

«ስቶፕ!» አለች እህቴ ፈርታ። «ፍሪክ አውት እያደረግኸኝ ነው።»

ሽማግሌው የመስሚያ መሣሪያቸው ስለሚያፏጭባቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር። እህቴ ጆሯቸው ስር ጮክ ብላ የሆነውን ነገረቻቸው።

«ድገመው» አሉኝ።

ያኔ ነው ያየሁት፤ ላፕቶፑ ላይ መቅጃውን አልጀመርኩትም ነበር። ሁሉን ነገር ሁለቴ የማረጋግጥ ሰው፣ ይህን ረሳሁ። ጀመርኩትና መርፌውን መለስኩ።

ዘፈኑ እንደገና አለቀ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ከግድግዳ በስተጀርባ እንዳለች ሁሉ፣ ሴት ተጣራች። ቃሉ አይለይም፤ ጥሪ መሆኑ ግን ይለያል።

«ማም?» አሉ ሽማግሌው።

እሳቸው በተወለዱበት በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ልጅ እናቱ ስትጠራው የሚመልሰው እንዲህ ነው፤ እንደኛ አቤት። መሣሪያቸው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ፋይሉን ከፍቼ አጫወትኩት። ጥሪው አለ። ከጥሪው ቀጥሎ፣ ሁለት ደቂቃ ከአርባ አራት ሰከንድ ላይ፣ አንድ ትንሽ ልጅ «ማም?» ይላል። የቀዳሁት በገመድ ነው፤ ማይክራፎን አልተከፈተም። የሽማግሌው የአሁኑ ድምፅ ፋይሉ ውስጥ የለም።

«ቢስሚላህ» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ሸክላውን አንዴ ብቻ እንድደግመው ለመንኳቸው። እሳቸው ግን አንስተው ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ጠርታኛለች፤ መልሻለሁ። ደግሞ ለምን ላስጠራት?»

ቅጂውን ስሰጣቸው ሽፋኑ ላይ «እናትና ልጅ» ብዬ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጻፍኩ። በረዶው ሲቀልጥ ሸክላውን ይዘው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ለእኔ ያልተፈታልኝ፣ ሳልቀዳው ያለፈው የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ያኔም ልጁ መልሶ ከነበረ፣ ሸክላው ላይ አለ፤ ሽማግሌውም ከእናታቸው ጋር ነበሩ። ካልመለሰ ግን በሁለተኛው ጊዜ ማን እንደመለሰ አላውቅም። እናቴ ከራሷ አቤት በኋላ ምንም እንዳልሰማች ትናገራለች። እህቴ በስልኳ ቀርጻ ነበር፤ ቦታ ሞልቶባት አጥፍታዋለች። አጎቴ በጠየቅሁት ቁጥር ሌላ ነገር ይነግረኛል።

ስለዚህ በዚያ ክፍል የነበራችሁ አራታችሁ፣ እባካችሁ አንድ በአንድ አስታውሱልኝ። በመጀመሪያው ጊዜ የልጅ ድምፅ የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ያልሰማችሁም ጻፉልኝ፤ ሽፋኑ ላይ «እናትና ልጅ» የሚለው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን ማወቅ አለብኝ።