ለለቅሶ የተቀመጠችው ፎቶ

ዋልልኝ ደብረ ታቦር ውስጥ ምን እየሠራ እንደሚበላ ጎረቤቶቹ በቅጡ አያውቁም። «ኮምፒውተር ነው ሥራው» ይላሉ፤ በቃ። እሱ ግን የሰው ዌብሳይት ይሠራል፤ በተለይ እስኪከፈት ድረስ ሰው የሚያስዛጋውን ዌብሳይት ያፈጥናል። ዘዴው ፎቶ መጭመቅ ነው። ፕሮግራሙ ዓይን ልብ የማይለውን ነገር ከፎቶው ላይ እየጣለ ያሳንሰዋል፤ አምስት ሜጋ የነበረው መቶ ኪሎባይት ሳይሞላ ይወጣል፤ ስልክ ላይ ሲያዩት ግን ያው ነው። በእኛ አገር ኔትወርክ፣ ያውም ዝናብ ሲጥል፣ ይህ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ!

የሚኖረው ብቻውን ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር። እንግዳ ቢመጣ መቀመጫው አልጋው ነበር፤ ደግነቱ የሚመጣ የለም። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሰው ከማጣቱ የተነሣ ፕሮግራሙ ጨምቆ ሲጨርስ «ጎሽ!» ይለዋል። የኔ የሚለው ሰው ያለው ጉና ተራራ ሥር ነው፤ ከክምር ድንጋይ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፤ እናቱ ፈንታነሽ።

አምና በጥር ጉልበቷን ቢያማት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዳት። እዚያ እንግዳ ማረፊያ ያለው አዳነ የሚባል ሰው ዌብሳይት ሥራልኝ ብሎት ስለነበር፣ እግረ መንገዱን በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ዋለ። እናቱ ከውሃው ወጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷ ወዝቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«በል እኔንም አንሣኝ» አለችው።

«አንቺ? ፎቶ መች ትወጃለሽ?»

«ለለቅሶዬ ነዋ! የጎረቤታችንን የይሻውን እናት አላየህም? የመታወቂያቸውን ፎቶ አሳድገው፣ ሴትዮዋ እንዳፈጠጡ ተለቀሰላቸው። እኔን እንዲያ እንዳታደርገኝ። ትልቅ አርገህ፣ ሰው ከሩቅ እንዲያየኝ።»

«ኧረ እማ፣ ምን ያለ ወሬ ነው!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል አነሣት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ያማረ ፎቶ በዕድሜው አንሥቶ አያውቅም።

ከተማ ሲመለስ አዳነ «ፍጠን» እያለ ቁም ስቅሉን አሳየው። ዋልልኝ የወንዛዬን ፎቶዎች ጠቅላላ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠ፤ ስልኩ ሞልቶ ነበርና ከስልኩ አጠፋቸው። ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ለፕሮግራሙ ሰጠ። ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ አላለፈም፤ የተጨመቁትን ሌላ ቦታ ላስቀምጥ ወይስ በዋናዎቹ ቦታ ልተካ ይላል። ዋልልኝ እንደ ልማዱ «ተካ» የሚለውን ነካ። የደንበኛ ፎቶ ሲሆን ዋናው ደንበኛው ዘንድ ስለሚቀር ምንም አይደል። የእናቱ ፎቶ ዋና ግን ሌላ የትም አልነበረም። አይ ጣት!

እሱ መች ዐወቀ? አዳነ የእናትየዋን ሳቅ ወዶት ዌብሳይቱ ራስ ላይ አስደረገው። ጉና ሥር ይሻው በስልኩ ቢከፍትላት እናቱ ደወለች፤ «አንተ! ገና ሳይነካኝ ብቅ አልኩ እኮ!» ያን ቀን ሙያውን ወደደው።

በግንቦት ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ሊሰቅል አሰበና ከፍቶ አሳደገው። ፊቷ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነ። ዋናውን ፈለገ፤ የለም። ቢፈልግ ቢያስፈልግ የለም። በሳምንቱ ሌላ ሊያነሣት ወጣ፤ ፈንታነሽ ግን አልጋ ይዛ ጠበቀችው።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ላንሣሽ።»

«አሁን? አጥንቴ ወጥቶ? ሞቼ ነው! ያቺ የወንዛዬዋ አለች አይደል?»

ሊነግራት አፉ ድረስ መጥቶበት ነበር። እሷ ደግሞ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«አለች» አላት።

«እሰይ፤ እንግዲያ ምን ቸገረኝ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየው ዕረፍት እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

በነሐሴ ዐረፈች። ከቀብሯ ማግስት ለሠልስቷ ፎቶ ሊያሳትም ከተማ ወረደ። ማተሚያ ቤት ያለው ዳኛቸው ቢያሳድገው አፍንጫዋ ከጉንጯ ተደባለቀ። «ወንድሜ፣ ዋናውን አምጣ። ይሄ ለስልክ ነው እንጂ ለኅትመት አይሆንም» አለው። ይህንን ለዋልልኝ መንገር! ስንቱን ደንበኛ ራሱ ሲያስተምር የኖረውን ሰው! መጨረሻ ላይ መልኳ ሳይጠፋ የወጣችው መዳፍ የምታክል ሆና ነው።

በሠልስቱ ዕለት ልብሷን ወንበር ላይ አድርገው ፎቶዋን በላዩ አስቀመጡት። ሰው ግቢውን ሞልቶ እስከ አጥሩ ቆሟል፤ ከኋላ ያለው አንገቱን ያሰግጋል፤ የሚያየው የለም። ሙሾ አውራጇ እትዬ አበበች ወንበሩን ትኩር ብለው አዩና ጀመሩ፦

«ፈንታነሽ የት አለች ደጇ ሞልቶ በሰው፣
ዓይኔ ፈዞ ነወይ ፎቶዋ ያነሰው?»

ለቅሶው ቀለጠ። ዋልልኝ ብድግ ብሎ ጮኸ፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ትልቁን ፎቶ አጥፍቼ፣ አለ ብዬ ዋሸኋት!»

ሰው የባሰ አለቀሰ። ሁለት ሽማግሌዎች ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። «አይዞህ ልጄ፣ የእናት ሐዘን ያስቀባጥራል» አሉት። «እውነቴን ነው» አላቸው። «ምን ታደርግ፣ አስታመሃል፣ ቀብረሃል» ብለው ውሃ አጠጡት። የትኛውን ፎቶ ነው ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። እሱም ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገረም።

ደብረ ታቦር ክፍሉ ገብቶ፣ ያቺኑ አንዲት ወንበሩን ስቦ፣ የአዳነን ዌብሳይት በስልኩ ከፈተ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው። እሷ ግን ገና ሳይነካት ብቅ አለች፤ ያን ሳቋን ትስቃለች። ጣቶቹን አልዘረጋም፤ ካሳደጋት እንደምትፈርስ ያውቃል። ስልኩን ራቅ አርጎ ያዘና «ዋሸሁሽ እኮ፣ እማ» አላት።