ከአረፋው በታች

ዛሬ ዲላ፣ ለባለቤቴ የጺም ሳሙና ልገዛ ሱቅ ገብቼ አንዱን ሳሸተው ወዲያው አወቅኩት፤ አባቴ የሚላጭበት ሳሙና ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ ኮንጋ የምትባል መንደር ስንኖር፣ አባቴ ቀኝ እጁ ተሰብሮ ጺሙን እንድላጨው ጠየቀኝ። አሮጌውን ምላጭ መላጫው ላይ ልገጥም ስል፣ "አዲሱን አድርጊበት፤ የደነዘውን ስለምትጫኚው ይቆርጠኛል" አለኝ። እየፈራሁ ጉንጩን ጨረስኩ። አገጩ ሥር ስደርስ ግን፣ ከአረፋው በታች ጣቴ ጠጣር እብጠት ነካ።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። "ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ቀስ ብለሽ ዙሪያውን ላጪ" አለኝ።

ዙሪያውን ቀስ ብዬ ላጨሁት። እናቴ ከጓሮ ገብታ "እንዴት አምሮብሃል!" እያለች እጇን ወደ አገጩ ስትዘረጋ ቀድሜ ፎጣውን አገጩ ላይ አደረግኩት።

አባቴ በኋላ በዚያው እብጠት ሞተ። አሁንም ባለቤቴ ሲላጭ አንገቱን ማየት ያስፈራኛል።