የጨመርኩት ሁለት ኪሎ

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ራስ ምታት አስቸግሮኝ ነበር፤ ይዤ የወጣሁት ግን ሌላ ወሬ ነው። ነርሷ ጣቴን ወግታ ደሜን አየች፤ በማግስቱ በባዶ ሆዴ እንድመለስ አዘዘችኝና ደግማ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «ስኳር ገና አልያዘሽም፤ በር ላይ ግን ቆሟል» አለችኝ። ክብደት እንድቀንስ፣ ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ እንድታይ ነገረችኝ። ካልወረደ መድኃኒት መጀመሬ ነው። የምትለው ሁሉ ልክ እንደሆነ አላጣሁትም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ቤቴ ለቢሮዬ ቅርብ ነው፤ ያችንም መንገድ ቢሆን ባጃጅ ካገኘሁ በእግሬ አልሄዳትም።

ስኳሩ አስፈርቶኛል፤ አልዋሽም። ከስኳሩ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን መክሳቱ ነበር። እናቴን አውቃታለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከቡሬ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ቁልቁል ወርዶ በእግር በሚኬድበት አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። ታላቅ እኅቴ ከከተማ ሐኪም ቤት ተመልሳ ያረፈችው እዚያው ቤት ነው። በሽታዋ ምን እንደነበረ ሐኪሞቹም በጊዜ አላወቁትም፤ እኛ ያወቅነው መክሳቷን ብቻ ነው። ከሁላችን ቀድማ ያወቀችው ደግሞ እናቴ ናት። እናቴ በግ ስትገዛ ሽንጡን ጨበጥ አድርጋ ሥጋውን ትለካለች፤ ልጆቿንም ስማ ስትጨርስ ልክ እንደዚያው ክንዳችንን ጨበጥ ታደርጋለች። አንድ ቀን የእኅቴን ክንድ ጨበጠችና ዝም አለች። እኅቴ «ደህና ነኝ» አለቻት። በመጣች ቁጥር ክንዷ እየሳሳ፣ እሷም «ደህና ነኝ» እያለች ቆየች። በመጨረሻ ወደ ከተማ ስንሸኛት ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው ዳገት ግርጌ ካለው የሾላ ዛፍ ሳትደርስ ደጋግማ ቁጭ ትል ነበር። ዳገቱን የወጣችው በበቅሎ ነው።

ስለዚህ እከሳለሁ፣ ለእናቴ ግን አልነግራትም ብዬ ወሰንኩ። ክንዴን እንዴት እንደምደብቃት አላሰብኩበትም።

የመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስፖርት መሥራት ከጀመሩ ሰንብተዋል። በባጃጅ ሳልፍ አይቻቸው ስቄባቸዋለሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ሆነ። የሚያሠራን የስፖርት መምህር ወጣት ነው፤ ድምፁ ከሜዳው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። መጀመሪያ ሜዳውን አስዞረን፤ ቀጥሎ ቁጭ ብድግ አመጣ። ቁጭ ማለቱ አላስቸገረኝም፤ ያቃተኝ ብድጉ ነው። «እናቴ፣ ወገብሽን ቀጥ!» ይለኛል። እናቱ የምሆን ሰው አይደለሁም፤ ቢበዛ ታላቅ እኅቱ ብሆን ነው። ይህን ልነግረው ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ።

በማግስቱ እግሬ የእኔ አልነበረም። የግቢያችን መጸዳጃ ቤት መቀመጫ የለውም፤ ግድግዳ ይዤ ወረድኩ፣ ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ፣ በመካከል ያሰማሁትን ድምፅ አከራዬ ሰሙት። አከራዬ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ ትልቅ ሴት ናቸው። ስወጣ ቆመው ጠበቁኝ።

«ምነው ልጀ፣ ስግደት ነው? ጾሙ ገና ሳይገባ?»

«ስፖርት ነው እማማ። ለጤናዬ ብዬ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ስግደት ቢሆን እኮ ዋጋም ነበረው» ብለውኝ ገቡ።

ትምህርት ቤቱ ፈተና ሲኖረው ሜዳው ይዘጋብናል። ያን ጊዜ ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ ብቻዬን ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ እየፈጠንኩ እሄዳለሁ። አንድ ጠዋት በቆሎ ጭነው ወደ ገበያ የሚመጡ አባት ሲያዩኝ አህያቸውን አቆሙ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

«ማን ሞተ ልጀ?»

«ማንም አልሞተም አባቴ። ደህና ነኝ፣ እንዲሁ ነው የምሄደው።»

«ደህና ከሆንሽ ታዲያ ምን ያሯሩጥሻል?» ብለው አዘኑብኝ። ባርኔጣቸውን መልሰው አጥልቀው አህያቸውን ነዱ። በእኛ አገር በጠዋት ነጠላ አጥብቃ የምትጣደፍ ሴት ለቅሶ ደራሽ ናት፤ ሌላ ነገር ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ እርምጃዬን ቀዝቀዝ አደርጋለሁ።

ቤቴ አጠገብ በቆሎና በርበሬ የሚሰበስቡ ነጋዴ አሉ። ትልቁ የእህል ሚዛናቸው ደጃፋቸው ላይ ነው የሚውለው። ጤና ጣቢያ ከምሰለፍ ብዬ ክብደቴን የምለካው እዚያ ነው። ችግሩ፣ ሰውዬው ቁጥር በልባቸው ማንበብ አይሆንላቸውም፤ ለገበሬው እንደለመዱት ጮክ ብለው ነው የሚጠሩት። ስጀምር የነበረኝን ክብደት ሠፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ሦስት ሳምንት ያህል ከሠራሁ በኋላ ቀንሼ ሠፈሩን ላስደንቅ ብዬ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ጨምሬ ነበር።

«ጫማሽን አውልቂው እስቲ» አሉኝ አዝነውልኝ። አወለቅኩ።

«ነጠላሽንም አኑሪው።»

አኖርኩት። ምንም ለውጥ የለም። «ግድ የለም፣ ኩንታል እስኪሞላሽ ገና ነው» ብለው አጽናኑኝ፤ በርበሬ ሊያስመዝኑ ተራ የያዙት ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ስንት ቀን ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቻለሁ! እግሬ እንጨት ሆኖ በግድግዳ ተደግፌ ሄጃለሁ። ሰርግ ተጠርቼ ድፎ ዳቦው በአፍንጫዬ ሥር ሲያልፍ ዝም ብያለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ኪሎ! የገዛ ሰውነቴ ያሾፈብኝ መሰለኝና ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የሦስት ወሩ ቀጠሮ እየቀረበ ነው፤ መድኃኒቱም ከፊቴ ተደቅኗል።

በዚያው ሰሞን ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቶ ስለነበር እናቴን ለማየት ሄድኩ። ገና ስማኝ ሳትጨርስ እጇ ክንዴ ላይ ነው። ጨበጠች። ለቀቀችና እንደገና ጨበጠች።

«ኧረግ! ተመስገን! ወፍረሽልኛል!»

ጎረቤታችንን በአጥር ላይ ጠራቻት። «ነይ፣ ያዥው ይኸን ክንድ!» ጎረቤታችንም መጥታ ያዘችው። እኔ መሐል ቆሜ እንደ ገበያ በግ ተገመገምኩ። እናቴ ያን ቀን ከእኔ እኩል ቀርባ በላች፤ እኅቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስትበላ አይቻት አላውቅም። እናቴ ወደ ማጀት ስትገባ ጎረቤታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንች ትመጫለሽ የተባለ ለት እንቅልፍ የላትም። ክንድሽን እስክትይዘው ነው ጭንቋ» አለችኝ። ይህን አላውቅም ነበር።

ስመለስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከታ እስከ ሾላው ሸኘችኝ። እንደ ልማዷ ዳገቱን ጨርሼ ከዓይኗ እስክሰወር ከዛፉ ሥር አልተነቃነቀችም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ስፖርቱ ክብደቴን አልቀነሰልኝም። ውፍረቴ ደግሞ ለእናቴ እንቅልፍ ሆነላት። ታዲያ ለምን እሠቃያለሁ? በቀጣዩ ሳምንት ሜዳው ድርሽ አላልኩም። ቅቤውንም በላሁት።

ጤና ጣቢያ የተመለስኩት ለጠብ ነው። «ሁለት ኪሎ አስጨመርሽኝ» አልኳት ነርሷን። ሳቀች። ሳቋ ሲያናድደኝ ስታይ ተወችውና፣ «የስቅለት ማግስት እግርሽ እንዴት ነው የሚሆነው?» አለችኝ።

«እንጨት ነዋ።»

«ያበጠ አይመስልሽም?»

«ይመስለኛል።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው። ጡንቻሽ ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ ይጎዳል፤ ራሱን ለመጠገን ውሃ ይይዛል። የጨመርሽው ስብ አይደለም፣ በአብዛኛው ውሃ ነው። ሲለምድ ይለቀዋል። ቅዳም ሹር ዕለት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ስለሌለ ነው ሳናውቀው የቀረነው።»

ነጋዴው እርጥብ በቆሎ ሲመጣባቸው አልመዝንም ብለው እንደሚመልሱ ትዝ አለኝ፤ ክብደቱ የማይቆይ ክብደት ነው። ንዴቴ በረደ፤ በምትኩ ሌላ ጭንቀት መጣ። ውሃው ከለቀቀኝ መክሳቴ እውነት ሊሆን ነው። ለነርሷ ስለ እናቴ አልነገርኳትም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ትንሽ ቆሜ አሰብኩና፣ ታምሜ አልጋ ላይ ከምታገኘኝ ከስቼ ብታኮርፈኝ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። በማግስቱ ሜዳው ላይ ነበርኩ። መምህሩ «እናቴ፣ ጠፋሽ!» አለኝ። ታላቅ እኅቱ መሆኔን ያን ቀን ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለ ነው የሆነው። መጀመሪያ ሕመሙ ቀረ። ቀጥሎ ሁለቱ ኪሎ ሄዱ፤ ተከትለዋቸው ሌሎችም ሄዱ። ነጋዴው አሁን «ጎደለ!» እያሉ ይጠራሉ፤ አጠራራቸው አጓደሉብኝ እንደሚል ሰው ነው። ቀጠሮዬ ሲደርስ ስኳሩ ወርዶ ነበር። ነርሷ «መድኃኒት የለም፣ ሂጂና ሥሪ» ስትለኝ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ በደስታ አለቀስኩ።

እናቴ ጋ ስሄድ ሹራብ ደርቤ ነው የሄድኩት፤ ቀኑ ፀሐይ ነበር። ሳመችኝ። እጇ በሹራቡ ላይ አረፈና ቆመ፤ ከዚያ በእጅጌው ገብቶ ክንዴን ያዘ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ።

«እማየ፣ ደህና ነኝ።»

«እሷም እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኳት። ስኳሩን፣ ሜዳውን፣ ሁለቱ ኪሎ ውሃ እንደነበሩ፣ አሁን ግን መዳኔን። የምርመራውን ወረቀት አውጥቼ አሳየኋት። አልተቀበለችኝም፤ «ወረቀትማ ለሷም ሰጥተዋት ነበር» አለች። ምሳ አቀረበች፤ እሷ ግን አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ልሄድ ስነሣ ከበፊቱ እጥፍ የሆነ ቅቤ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ ቦርሳውን ዘጋሁት።

ሾላው ሥር ስንደርስ ልስማት ዞር አልኩ። ወደ ኋላ አለች።

«ቦርሳውን ለኔ ስጭኝ። አንች ውጭው» አለችኝ፤ በከዘራዋ ዳገቱን አሳየችኝ።

«ምኑን?»

«ዳገቱን። ፈጠን ብለሽ። ልይሽ።»

ወጣሁት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ መምህሩ እንዳስለመደኝ እየተነፈስኩ፣ ሳላቆም ወጣሁት። ጫፉ ላይ ዞሬ እጄን አውለበለብኩ። እናቴ እዚያው እንደቆመች በእጇ ጠራችኝ። የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ሮጬ ወረድኩ።

«ምነው እማየ?»

መዳፏን ደረቴ ላይ አሳርፋ ትንፋሼን አዳመጠች። ከዚያ፣ «ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት። መጨረሻው ላይ ጭኔ እየነደደ ነበር፤ ግን አልቆምኩም፣ ቁጭም አላልኩም። ተመልሼ ስወርድ እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አገኘኋት። ቦርሳዬን ከፍታ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ አወጣችና ብብቷ ሥር አደረገችው፤ ቦርሳውን መለሰችልኝ።

«ይኸ ለታመመ ሰው ብየ ነበር» አለችኝ። «በይ ሂጅ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። እኅቴ ከሞተች ወዲህ ከዓይኗ ሳልሰወር ከሾላው ሥር ተነቃንቃ የማታውቀው እናቴ፣ ቅቤዋን ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር።