በውሃ ላይ የማይጠራ ስም

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ከልጄ ጋር ጀልባ ላይ እንደተቀመጥን፣ ባለጀልባው ዝናብ ያራሰውን የጀልባውን ጣሪያ ሸራ ሲያራግፍ ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ።

ያኔ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዱካሞ ባለሸራ ጀልባ ነበራቸው። አንድ ቀን አሳፍረውኝ የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ዳሩን ስንሄድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ሸራውን አወረዱና ደንገል ወደከለለው ጥግ ገባን። ውሃው እዚያ ጸጥ ያለ ነበር። ከደንገሉ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ነገር ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ጉማሬ ነው?» አልኳቸው።

ዓሣ ዓሣ የሚሸት መዳፋቸው አፌን ከደነው።

«ውሃ ላይ ስሙ አይጠራም፤ ‹ባለቤቱ› ነው የሚባለው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስሙን ከሰማ የጠሩት ይመስለዋል።»

ትንፋሹ ጠፋ። ቀጥሎ አረፋ እየተንተከተከ ወደ እኛ መጣ። ከእግሬ ስር ሳንቃው ተንቀጠቀጠ። አረፋው በታችን አልፎ ከራቀ በኋላም አፌ ላይ ያለው የጋሼ መዳፍ መንቀጥቀጡን አልተወም።

አሁን ባለጀልባው ሞተሩን አስነስቶ፣ «ጉማሬ ላሳያችሁ» እያለ ወደ ደንገሉ ይዞን ሄደ። እንደተጠጋን ሞተሩን አጠፋ።

«እማዬ፣ ጉማሬው የታለ?» አለች ልጄ።

መዳፌ አፏን ከድኖት አገኘሁት። ይንቀጠቀጣል።