ሽሮ እምቢ ያለችው ድመት

አየር ጤና አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሻና ድመት አክማለሁ። ሁዳዴ አጋማሽ ላይ እትዬ ዘነበች «ድመቴ ሽሮ እምቢ አለች፤ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው» ብለው አስጠሩኝ።

ድመቷን አነሳኋት። የተራበች ድመት እንዲህ አትከብድም፤ ፀጉሯም ያብረቀርቃል። አፏን ብከፍት ጥርሷ መሃል የሥጋ ቁራጭ።

«እትዬ፣ ድመት ያለ ሥጋ ዓይኗም ልቧም ይደክማል። ደግነቱ ይቺ ሥጋ እየበላች ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

«በስመ አብ! እኔ ቤት በሁዳዴ ሥጋ ይገባል? ባለቤቴ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም!»

«በሙያዬ አልሳሳትም።»

ይሄኔ ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ከቅዳሴ ገቡ። ገና ሶፋው ላይ ሳይደላደሉ ድመቷ ከእጄ አምልጣ ሮጠችና አፍንጫዋን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ወሸቀች።