ጥሩንባውና ጣቶቼ

ጣቶቼ የታመሙበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። ባጃጅ በመቐለ መንገዶች ላይ መታየት ከጀመረ በኋላ እንደሆነ ግን ዐውቃለሁ። ዛሬ ማለዳ የእድራችን ጥሩንባ ሲነፋ፣ ገና በደንብ ሳልነቃ፣ ድምፁ ነጭ ጋወን ለብሳ ከመድኃኒት መደርደሪያ ፊት የቆመች አንዲት ልጅ ይዞልኝ መጣ።

ሓድነት በሚባለው ሰፈራችን የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። ከወሎ መጥቼ ድንጋይ ስጠርብ፣ ከመሮዬ ሥር የሚረግፈውን ስብርባሪ እየለቀመች ትንንሽ ቤት ትሠራበት ነበር። ጠጉሯ በድንጋይ ብናኝ ነጥቶ ስትገባ እናቷ፣ አሮጊት ሆነሽ መጣሽ እያሉ ይስቁባታል። አደገችና ዓይደር ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት ሥራ ገባች።

ያን ጊዜ ጣቶቼ ዐብጠው ይግሉ ነበር። ማለዳ መሮ መጨበጡ ቀርቶ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ድንጋይ ካልጠረብኩ እንግዲህ ምን ልሆን ነው? የልጆቼን እጅ ማየት ሊመጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝ፤ ከምግብ በኋላ ነው ብሎኝም ነበር። እኔ ግን ሁዳዴ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ክኒኑን በጧት በጸበል ዋጥኩት። ሁለቱ ተደጋግፈው ቶሎ ያድኑኛል ብዬ ነው እኮ። ጣቴ ተፈታልኝ፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሳነሣ ዋልኩ። ሰንበት ብሎ ግን ሆዴ እሳት ሆነ። ከእሷ የገዛሁትን ክኒን ይዤ ልመልስላት ሄድኩ፤ በባዶ ሆዴ በጸበል እንደዋጥኩትም ነገርኳት።

«አቦይ ካሳ፣ ጸበሉ ምን በደለ?» ብላ ሳቀች። ወንበር ሰጥታኝ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰውነታችን በዐይን የማይታዩ ቤቶች የሞሉት ሰፈር ነው አለች። አንዱ ቤት ጉዳት ሲደርስበት ጥሩንባ ያስነፋል። ያን ሰምቶ ደም ይጎርፋል፤ ሰፈሩ እንደ ለቅሶ ድንኳን ይጣበባል፣ ይሞቃል፤ እብጠቱ ያ ነው። ሕመሙን የሚያደርሰው ነርቭም ጥሩንባውን በሰማ ቁጥር ይብስበታል። ክኒኑ የጥሩንባ ነፊውን እጅ ይይዛል። ጥሩንባ ሲጠፋ ለቀስተኛው ይበተናል።

«ሟቹስ ተነሣ ማለት ነው?» አልኳት።

«አልተነሣም። ጥሩንባው ዝም ስላለ ዳንኩ ብለው ሲጠርቡ አይዋሉ። ደግሞ ያው ጥሩንባ የሆድዎን ዘበኛም የሚቀሰቅስ ነው። እሱ ሲጠፋ ዘበኛው ይተኛል፤ ባዶ ሆድዎን ታዲያ ከገዛ አሲዱ ማን ይጠብቀው?»

ያን ዕለት ራሷ በባጃጅ አሳፍራ ወደ ሐኪሙ መለሰችኝ፤ ለሆዴም መድኃኒት ተጨመረልኝ። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው፣ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፣ አስቀድመህ ቁራሽ ቅመስ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ብቻ እየጠረብኩ ብዙ ዓመት ሠራሁ። እሷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። የደጃፌን መርገጫ ስጨርስ ስብርባሪውን መጣል አልሆነልኝም፤ አሁንም ከግድግዳው ሥር ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ዛሬ ጥሩንባው ሲያበቃ ሕምባሻዬን ቆረስኩ፣ ቀመስኩ፣ ክኒኔን ዋጥኩ፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ከመሮዬ ሳልለይ ያን ጊዜ ያሳለፈችኝ ያቺ የጎረቤቴ ልጅ፣ ለተብርሃን ናት።