የማሂ አንደኛ ክፍል

ጋሼ ዳምጤ ጠመኔ ከጨበጡ ብዙ ዘመን አልፏል። በወጣትነታቸው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንደኛ ክፍልን ከፊደል እስከ ሒሳብ፣ ከሳይንስ እስከ መዝሙር ብቻቸውን ይዘው ያስተምሩ ነበር። ከዚያ ስደት መጣና በሱዳን አድርገው ሜልቦርን ገቡ። የመምህርነት ወረቀታቸው እዚህ የሚያስቀጥራቸው አልሆነም። ዲር ፓርክ በሚባለው የከተማው ዳርቻ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድሩ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ጡረታ ወጡ። ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ።

ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው እየሩ ትባላለች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በሺፍት ትሠራለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ አንድ ልጇን ማሂን የምታሳድገው እሷው ናት። ማሂ አንደኛ ክፍል ገብታ ብዙም ሳትቆይ ቀኝ እግሯ መጎተት ጀመረ። መጀመሪያ ጫማው ጠቧት ነው ተባለ። ኋላ ሆስፒታል ስትታይ ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ያውም ለቀዶ ጥገና በማይመች ቦታ። ሐኪሞቹ የጨረር ሕክምናው ጥቂት ጊዜ ይጨምርላት ይሆናል እንጂ አያድናትም ብለው ለእናቲቱ ቁርጡን ነገሯት።

ማሂን ያንገበገባት ግን ሌላ ነው፤ ከትምህርት ቤት መቅረቷ። በየጠዋቱ ዩኒፎርሜን አልብሱኝ እያለች ታለቅሳለች። አንድ ቀን እየሩ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ልጅቷን ለጋሼ ዳምጤ አደራ ብላ ሄደች። ስትመለስ ማሂ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ምስር እየቆጠረች አገኘቻት። ጋሼ ዳምጤ ኮታቸውን ቆልፈው ፊት ለፊቷ ቆመዋል።

"ሒሳብ ላይ ነን" አሏት ለእየሩ፣ እንዳትረብሽ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከዚያ ወዲያ የየቀን ሥራ ሆነ። ፊደል ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሒሳብ፤ ከዚያ ሳይንስ ወይም ጂኦግራፊ። ለጂኦግራፊ ልጅቷን መስኮቱ ጋ ያስጠጉና ፀሐይ በየት እንደምትወጣ፣ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቋታል። እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሲደክማት "ተደወለ" ይሏትና እረፍት ይሆናል።

ሕመሙ ግን የሚያርፍ አልነበረም። ቀኝ እጇ ሲዝል በግራዋ መጻፍ አስተማሯት። ዓይኗ ነገሩን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርጎ ሲያሳያት አንዱን ሸፍነው ፊደሉን አግዝፈው ጻፉላት። ማየት ሲሳናት ደግሞ መዳፏ ላይ በጣታቸው ይጽፉና ምን እንደሆነ ያስገምቷት ጀመር። ጋሼ ዳምጤ የለመዱት ተማሪ ሲጎብዝ ትምህርቱን ማክበድ ነበር። አሁን ግን በየሳምንቱ ማቅለል፣ ያስተማሩትንም አንድ በአንድ መተው ሆነ ሥራቸው። ቤታቸው ገብተው ለነገ የሚሆን ትምህርት ሲያስቡ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት እያሉ ለብቻቸው ይብሰከሰካሉ።

አንድ ቀን ሳይንስ ነበር። ሕይወት ያለው ነገር ይበላል፣ ያድጋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል ብለው አስረዷትና በእጇ ድንጋይ አስያዟት። ሕይወት የለውም አለች። ያቆጠቆጠ ሽንኩርት አስያዟት። ቡቃያውን ዳሰሰችና ይሄ አለው አለች። ከዚያ፣ ለወትሮው በማትመልስበት በአማርኛ፣

"እኔስ?" አለች።

"አንቺማ አለሽ እንጂ።"

"አልንቀሳቀስም። ምግብም በቱቦ ነው።"

"ትተነፍሻለሽ።"

"እሱስ ሲያቆም?"

እየሩ ከኩሽና ሰምታ ኖሮ መጣችና ሽንኩርቱን ከልጇ እጅ ወሰደች።

"ይብቃ ጋሼ ዳምጤ" አለች፤ አልጮኸችም። "ልጄን ሞቷን ነው እንዴ የሚያስተምሯት?"

ኮታቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ወጡ።

በሚቀጥሉት ቀናት በእየሩ በር በኩል ላለማለፍ ከቤት መውጣት ተዉ። በግድግዳው ማዶ የማሂን ሳልና የእየሩን እንጉርጉሮ ይሰማሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ፤ መልሰው ደግሞ ምን ብዬ ልዋሻት ኖሯል አሉ። ሁለቱም አላሳረፋቸው።

በመጨረሻ በራቸውን ያንኳኳችው እየሩ ናት። ይቅርታም አልጠየቀች፤ ግቢ እስኪሏት እንኳ አልጠበቀችም።

"መልሱን ስለሳትኩ ነው የሄዱት ብላ ነው የምታስበው" አለቻቸው። "ትምህርት ቤቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ ትላለች።"

ጋሼ ዳምጤ ተከትለዋት ሄዱና አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። ወገባቸው ሲንቋቋ ማሂ ሰምታ ማን እንደመጣ አወቀች።

"አልሳትሽም" አሏት። "ጥያቄሽ ትክክል ነበር። መልሱን ያላወቅሁት እኔ ነኝ።"

"ኦኬ" አለች ማሂ። ቀጥላም ዛሬ ምን እንደሚማሩ ጠየቀቻቸው። መዝሙር አሏት።

ከዚያ በኋላ እየሩም ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አልጋው ግርጌ ትቀመጥ ነበር። የማሂ ንግግር ሲጠፋ በጣቷ እጃቸውን ጨበጥ እያደረገች አዎ ትላለች። ጣቷም ሲሰንፍ ጋሼ ዳምጤ መልስ ሳይጠብቁ ያስተምሩ ጀመር፤ የቀናቱን ስም፣ የቀለማቱን፣ የወንዞቹን። ትስማ አትስማ አያውቁም። አንዳንዴ የአንድ ወንዝ ስም ሲዘሉ እየሩ ቀስ ብላ ታስታውሳቸዋለች።

ማሂ በአንድ የሥራ ቀን ማለዳ ዐረፈች። ጋሼ ዳምጤ በተለመደው ሰዓት ለብሰው ሲወጡ የእየሩን በር ተከፍቶ፣ ጎረቤቶች ኮሪደሩን ሞልተውት አገኙ። እየሩ በሰዎቹ መካከል አየቻቸው።

"ዛሬ ትምህርት የለም ጋሼ" አለቻቸው።

ለቀብሩ ብዙ ሰው መጣ። ከፍትሐቱ በኋላ ሰው ሁሉ ጋሼ ዳምጤን ይበርቱ ይላቸው ነበር፤ እየሩን ግን ምን እንደሚሏት የሚያውቅ አልተገኘም። እሷም ብዙ ሳትቆይ ያን ቤት ለቅቃ ዲር ፓርክ ገባች። መጀመሪያ መጀመሪያ ስልክ ትደውልላቸው ነበር። በስልኩ ከሁለቱም ወገን ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ ተወችው፤ እሳቸውም አልደወሉም።

ሓድሽ የሚባል የታችኛው ፎቅ ጎረቤት መንታ ልጆቹን ፊደል እንዲያስቆጥሩለት ለመናቸው። አንድ ቀን ሄዱ። ልጆቹ ታጥበው፣ ጸጉራቸው ተበጥሮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጋሼ ዳምጤ ፊታቸው ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ፤ መልሰውም ፈቱት። ሓድሽን ሌላ ሰው ፈልግ፣ እኔ አልችልም ብለውት ወጡ። እሱም አላስጨነቃቸውም።

አሁን ከሰዓት በኋላ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ሲመለሱ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ይገጥማቸዋል። ሊፍቱ ቦርሳ ባዘሉ ልጆች ይሞላል። አንዳንዱ ልጅ በሩን በእጁ ይዞ ይግቡ ይላቸዋል። ጋሼ ዳምጤ ሂዱ ብለው ያሰናብቷቸውና ባዶው እስኪመጣ ከታች ቆመው ይጠብቃሉ።